እናቴን ከበርጩማው ላስነሳልን ልጅ፣ ምስጋና ከጅማ

ሰላም የጅማ ልጆች! ዛሬ የምጽፈው ስለ አንድ ፊዚዮቴራፒስት ነው። ስሜን አታውጣ ስላለኝ አላወጣም። እኛ ቤት ግን "ልጄ" ነው የሚባለው።

እናቴ 74 ዓመቷ ነው። አምና ክረምት በረንዳው ላይ አዳልጧት ወደቀች። አጥንቷ ተረፈ፤ እኛ ግን በጣም ደነገጥን። ከዚያ ወዲህ ነገራችን ሁሉ "አንቺ ቁጭ በይ" ሆነ። መጥረጊያውን ቀማናት። ቡናውን እህቴ ያዘችው። ሐሙስ ሐሙስ ሄርማታ ገበያ መውረድም ቀረ። ስድስት ወር ሳይሞላ ከሶፋ ለመነሳት የሰው እጅ መፈለግ ጀመረች። ጨዋታዋም አብሮ ጠፋ። እኛ እርጅና ነው ብለን ተቀመጥን።

ልጁ የመጣ ቀን ግፊቷን ለካ፣ መድኃኒቶቿን አየ። ከዚያ ግድግዳ የተደገፈ ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ "እማማ፣ እጅዎን ደረትዎ ላይ ያጣምሩና ይነሱ፣ ይቀመጡ" አላት። 30 ሰከንድ ያዘ። ሦስት ጊዜ ብቻ ተነሳች። ወደ እኛ ዞሮ "ያደከማቸው መቀመጡ ነው" ሲለን አፈርን።

የሚከተለው ኒውዚላንድ ውስጥ ኦታጎ ዩኒቨርሲቲ ለአረጋውያን ያዘጋጀውን የቤት ውስጥ ፕሮግራም ነው። በሳምንት 3 ቀን የእግር ጡንቻና የሚዛን ልምምድ፣ በመሃል እግር ጉዞ። ማሽን የሚባል ነገር የለም። ጠረጴዛ ይዛ ተረከዟን ታነሳለች። ቁርጭምጭሚቷ ላይ የሚታሰረው እህቴ የሰፋችው የአሸዋ ከረጢት ነው። አሸዋ የሚጨመረው አስር አስሩን ሁለት ዙር ሳትቸገር ስትጨርስ ብቻ ነው።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። እናቴ ድሮ ቅመም ትነግድ ነበር። ተረከዝ ከጣት እያስነካች በመስመር ስትራመድ፣ "እማማ፣ የ320 ብር ኮረሪማ ወሰድኩ፣ 500 ሰጠሁ፤ መልሴስ?" ይላታል። እግርና ሐሳብ አብረው እንዲሠሩ ነው። መጀመሪያ ለማሰብ ቀጥ ብላ ትቆም ነበር። አሁን እየሄደች "180! ሁለተኛ ግን በዚህ ዋጋ አልሸጥልህም" ትለዋለች።

ጉድለት የለውም አልልም። ዝናብ ሲጥል ይቀራል፤ ጅማ ላይ ደግሞ መቼ ነው የማይዘንበው?

አራት ወር ሆነን። በ30 ሰከንድ 10 ጊዜ ትነሳለች። ከወንበርም አልፋ ወደ ጅማ በርጩማ ወርዳለች፣ እኔ ራሴ ጉልበቴን ይዤ ወደምነሳበት። ባለፈው እሁድ ቡና አፍልታ ብድግ ስትል እህቴ ልትደግፋት ሮጠች። "አንቺ ቁጭ በይ" አለቻት።

ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ክፍያው እንደ ሰፈሩ ርቀት ይለያያል። የልብ ሕመም ያለባቸው ወላጆች ካሏችሁ መጀመሪያ ሐኪማቸውን አማክሩ፤ እሱም የሚጠይቃችሁ ይህንኑ ነው። ጠዋት ጠዋት ተይዟል፣ ከሰዓት ግን ይገኛል።