የ«ሙሉ ስብስብ» ወጥመድ፦ የወቅቱን ፋሽን በጥቅል ከመግዛታችሁ በፊት

እህቶቼ፣ ሰሞኑን ስልካችሁን በከፈታችሁ ቁጥር የሚመጣ ማስታወቂያ አለ። «የወቅቱ ሙሉ ስብስብ፤ 7 ልብስ፣ 21 አለባበስ» ይላል። አንዲት ሞዴል ያንኑ ብሌዘር አንዴ በጂንስ፣ አንዴ በጉርድ፣ አንዴ ከላዩ ቀበቶ አስራ ትታያለች። ከሥር ደግሞ የቀረውን ደቂቃ የሚቆጥር ሰዓት አለ። እኔ ገዝቼዋለሁ። እናንተ እንዳትገዙ ነው የምጽፈው።

ለምን እንደገዛሁ ልንገራችሁ፤ ብዙዎቻችሁም የምትገዙት በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። ወቅት በተለወጠ ቁጥር «ዘንድሮ የሚለበሰው ይሄ ነው» ይባላል። ሰፊ ሱሪ ይመጣል፣ ጠባቡ ይሄዳል። ቡናማ ይነግሣል፣ ጥቁር ይረሳል። ጠዋት ጠዋት ቁም ሳጥን ፊት ቆሜ ምን ከምን እንደሚሄድ ማሰብ ሰልችቶኝ ነበር። ስብስቡ ደግሞ የአለባበስ መመሪያ አብሮት ይመጣል። ሰኞ ይሄን ከዚህ ጋር፣ ማክሰኞ ያንን ከዚያ ጋር። አሁን ሳስበው የከፈልኩት ለልብሱ ሳይሆን ከማሰብ ለመገላገል ነው። የሚሸጡልንም ያንን ነው።

እሺ፣ የመጣውን ላሳያችሁ። ፌስታሉን ስቀደው ቀድሞ የወጣው ሽታ ነው፤ እንደ አዲስ ላስቲክ። ብሌዘሩን አውጥቼ ወደ መስኮቱ ከፍ አደረግኩት። ጣቶቼ በጨርቁ ውስጥ ይታያሉ። እጄን ኪሱ ውስጥ ልክተት ብል ኪስ የለም፤ ክዳኑ ብቻ ተሰፍቶበታል። ገበሩ ደረት ላይ ሲደርስ ያበቃል፣ ከዚያ በታች ያልተከፈፈ ስፌትና ተንጠልጣይ ክር ነው። ከሁሉ ያበሸቀኝ ጀርባው ነው። ጨርቁ ዳማ ነው፤ መሃል ጀርባ ላይ ባለው ስፌት ግን የግራው መስመር ከቀኙ አንድ ጣት ያህል ዝቅ ብሏል። በፎቶው ላይ ይሄ አይታይም። ሞዴሏ በአንዱም ፎቶ ጀርባዋን አልሰጠችም። ይህንን ያስተዋልኩት ከተበላሁ በኋላ ነው።

ጉርዱ «የሐር ሳቲን» ተብሎ ነበር የተሸጠው። ውስጡ ያለችው ትንሽ ምልክት ግን 100 በመቶ ፖሊስተር ትላለች፤ ሰው ሠራሽ ክር ማለት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚታለልበት ቦታ ነው። ሳቲን የክር ስም አይደለም፣ የአሸማመን ዓይነት ነው። ክሮቹ በላይኛው ፊት ላይ ረዘም ብለው እንዲያልፉ ሲደረግ ጨርቁ ያብረቀርቃል። ከሐርም ይሠራል፣ ከፖሊስተርም ይሠራል። ስለዚህ «ሳቲን» የሚለው ቃል ብቻውን ከምን እንደተሠራ ምንም አይነግራችሁም። ልዩነቱ ደግሞ ገላችሁ ላይ ይታወቃል። ጥጥ በተለመደ አየር ውስጥ ከክብደቱ 8 በመቶ ያህል እርጥበት ይይዛል፤ ፖሊስተር ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። ላባችሁን አይመጥም ማለት ነው። ያንን ጉርድ በታይት ላይ ለብሼ ወጣሁ። በእያንዳንዱ እርምጃ እየተጣበቀ ወደ ላይ ይወጣል። መንገዱን ሙሉ በአንድ እጄ ቦርሳ፣ በሌላው ጉርድ ይዤ ነው የደረስኩት።

«የቆዳ» ሱሪውም ያው ነው። ፖሊዩሬቴን የሚባል ፕላስቲክ በስስ ጨርቅ ላይ የተለበጠ ነው። ይህ ነገር ጊዜ ሲሄድ፣ በተለይ እርጥበትና ሙቀት ሲያገኘው፣ እየተሰነጠቀ ይላጣል። የኔው ጉልበቱ ላይ፣ ስቀመጥ በሚታጠፍበት ቦታ፣ ነጭ መስመር ማውጣት የጀመረው ወዲያው ነው። «ለስላሳ ሱፍ» የተባለው ሹራብ አክሪሊክ የሚባል ሰው ሠራሽ ክር ነው፤ አንዴ ታጥቦ ብብቱ ሥር ትንንሽ ኳስ ሠራ። ቀሪዎቹን አልዘረዝርም። ከሰባቱ ዛሬም የምለብሰው አንድ ብቻ ነው፤ ባለ መስመር የጥጥ ካናቴራው።

አሁን ሂሳቡን ሥሩ። «ለየብቻ ብትገዙት ይህን ያህል ነበር» ተብሎ የተሰረዘ ትልቅ ዋጋ ከጎኑ ይታያል። ያ ዋጋ ማንም የከፈለው ዋጋ አይደለም፤ ልብሶቹ ለየብቻ ሲሸጡ አላየሁም፣ ብፈልግም አላገኘሁም። ለሰባት ብዬ የከፈልኩት ገንዘብ በሙሉ የገባው አንዲት ካናቴራ ላይ ነው። በዚያ ገንዘብ ገበር ያለው፣ ኪስ ያለው፣ ለዓመታት የሚቆይ አንድ ጥሩ ብሌዘር እገዛ ነበር። ልብስ ርካሽ ነው ወይ ውድ ነው የሚባለው በተከፈለበት ቀን አይደለም። የከፈላችሁትን ለለበሳችሁበት ቀን ብዛት አካፍሉት። ሁለቴ ተለብሶ የተሰቀለ «ቅናሽ» ከሁሉም ውድ ነው።

ልመልስ ስል ደግሞ ሌላ ጉድ። ስብስብ ስለሆነ አንዱን ነጥሎ መመለስ አይቻልም። ሁሉም ካልተመለሰ ገንዘብ የለም። ሁሉም እንዲመለስ ደግሞ ጥቅሉ ያልተከፈተ መሆን አለበት። ሳይከፍቱት እንዴት መጥፎ መሆኑ ይታወቃል? ሦስት ጊዜ ጻፍኩላቸው፣ ሦስቴም ቃል በቃል አንድ ዓይነት መልስ ላኩልኝ። መላኪያውም በገዢ ነው። ይህ ሁሉ በሽያጭ ውላቸው ውስጥ ተጽፏል፤ በደቃቅ ፊደል፣ ከገጹ ግርጌ። እኔ አላነበብኩም። እናንተ ከመክፈላችሁ በፊት አንብቡት፣ ስክሪንሹትም ያዙ፣ በኋላ ይቀየራልና።

ስለዚያ የሚቆጥር ሰዓት ልንገራችሁ። ሰዓቱ ዜሮ ሲደርስ ገጹን እንደገና ክፈቱት። እንደ አዲስ ይጀምራል። እኔ በሌላ ስልክ ከፍቼ አይቻለሁ፤ እዚያ ደግሞ ሌላ ደቂቃ ነበር የቀረው። ፋሽን ደግሞ እንዲህ የሚያስቸኩል ነገር የለውም። በኒው ዮርክ፣ በለንደን፣ በሚላንና በፓሪስ የሚካሄዱት ትልልቅ የፋሽን ሳምንቶች የመጪውን በልግና ክረምት (በእነሱ አገር ከመስከረም በኋላ የሚመጣውን የብርድ ወቅት) ልብስ የሚያሳዩት በየካቲትና መጋቢት ገደማ ነው፤ የፀደይና የበጋውን ደግሞ በመስከረም። ወደ ስድስት ወር ቀደም ብሎ ማለት ነው። ግማሽ ዓመት ሲታይ የቆየ ነገር በዛሬዋ 20 ደቂቃ ውስጥ አያመልጣችሁም።

«አዲስ» የሚባለውም አብዛኛው አዲስ አይደለም። በየዓመቱ «የወቅቱ ግኝት» ተብሎ የሚመጣው ትሬንች ኮት (ባለ ቀበቶ ረጅሙ የዝናብ ካፖርት) በአንደኛው የዓለም ጦርነት የጦር መኮንኖች የለበሱት ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰፋበትን ጋባርዲን የተባለውን ጨርቅ እንግሊዛዊው ልብስ ሠሪ ቶማስ በርበሪ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1879 ነው። ባለ ሰማያዊና ነጭ መስመሩ ካናቴራ እ.ኤ.አ. በ1858 የፈረንሳይ ባሕር ኃይል መርከበኞች የደንብ ልብስ ሆኖ የታወጀ ነው። የነብር ህትመትን (የነብር ቆዳ ነጠብጣብ የታተመበትን ጨርቅ) ፈረንሳዊው ዲዛይነር ክሪስቲያን ዲዮር እ.ኤ.አ. በ1947 የመጀመሪያ ስብስቡ ውስጥ አሳይቶታል። እነዚህ ነገሮች ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ። ምናልባት አንዱ አሁን ቁም ሳጥናችሁ ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል።

ታዲያ የወቅቱን ፋሽን እንዴት እንልበስ? አትልበሱ እያልኩ አይደለም፤ እኔም እወዳለሁ። ግን በአንድ ወቅት አንድ ነገር ብቻ ምረጡ። አዲሱን ነገር ከመግዛታችሁ በፊት አልጋ ላይ ያላችሁን ልብስ ዘርግታችሁ «ከየትኞቹ ሦስት ጋር ይለበሳል?» በሉ። ሦስት ካላገኛችሁ አትግዙ። ይህን የሚያደርግላችሁ መመሪያ የለም፣ ምክንያቱም መመሪያውን የጻፈው ሰው የእናንተን ቁም ሳጥን አያውቅም።

ዘንድሮ ፋሽን የሆነው ቀለም ፊታችሁን የሚያደበዝዝ ከሆነ ከፊታችሁ አርቁት። ጫማ ይሁን፣ ቦርሳ ይሁን፣ ቀበቶ ይሁን። ቀለሙን ለመሞከር በቀን ብርሃን መስኮት አጠገብ ቆማችሁ አገጫችሁ ሥር ያዙት፤ የመደብር መብራት ይዋሻል። ሰፊ ሱሪ ከመጣ ላዩን ሰብሰብ አድርጉት፣ ሸሚዙን ሱሪ ውስጥ ክተቱ ወይም አጠር ያለ ሹራብ ልበሱ። ሰፊ ብሌዘር ከሆነ ታቹን ቀጠን አድርጉ። ሁለቱም ሰፊ ሲሆን አያምርም አልልም፣ ግን ጨርቁ ከብዶ የሚወርድ ካልሆነ ሴትየዋ ትጠፋለች። የነብር ህትመት ወይም ትልልቅ አበባ ከሆነ አንድ ቦታ ይበቃዋል፤ ቀሪው አንድ ቀለም ይሁን። የሱሪ ርዝመት ስታስተካክሉ ደግሞ የምታደርጉትን ጫማ አድርጋችሁ ልብስ የሚሰፋላችሁ ሰው ፊት ቁሙ። በባዶ እግር የተለካ ሱሪ በኋላ ያስቆጫል።

እውነቱን ለመናገር አለባበስን ከሁሉ በላይ የሚለውጠው ልብስ የሚሰፋላችሁ ሰው ነው። ትከሻው ልክ ሆኖ ወገቡ የሰፋ አሮጌ ብሌዘር ወገቡን ገባ ቢያደርጉት፣ እጅጌውን ወደ አንጓ ቢያሳጥሩት፣ አዲስ ይመስላል። ትከሻው ካልሆነ ግን ተዉት፤ ትከሻን ማስተካከል ልብሱን እንደገና እንደ መስፋት ነው።

ስትገዙም እጃችሁን አሠሩት። ጨርቁን በመዳፋችሁ ጨብጣችሁ ጥቂት ቆዩና ልቀቁት፤ ተጨማድዶ ከቀረ ለብሳችሁ ስትቀመጡም እንደዚያው ነው። ወደ ብርሃን አንሱት። ስፌቱን በሁለት እጅ ቀስ ብላችሁ ሳቡት፤ ክሩ መሃል ክፍተት ከታየ በሁለተኛው ቀን ይተረተራል። ገልብጡት፣ ውስጡን እዩ። ጥሩ ልብስ ውስጡም ንጹሕ ነው። ኦንላይን ከሆነ ከምን እንደተሠራ በመቶኛ ያልተጻፈበትን እለፉት። «ሐር መሰል»፣ «የሱፍ ስሜት ያለው»፣ «ቪጋን ቆዳ» የሚሉትን ቃላት ባያችሁ ቁጥር መቶኛውን ፈልጉ። የጀርባ ፎቶና እየተራመዱ የተቀረጸ ቪዲዮ ከሌለ ጠይቁ። ከፊት አምሮ የሚታይ ልብስ ከጀርባ በመቆንጠጫ ተይዞ ሊሆን ይችላል። ፎቶውንም ስልካችሁ ላይ በምስል ፈልጉት፤ ያው ፎቶ በአሥር የተለያየ ስም ሲሸጥ ካገኛችሁ ሻጩ ልብሱን በእጁ ነክቶት አያውቅም ማለት ይሆናል።

እቤት ከገባ በኋላ የተጠራጠራችሁት ነገር ካለ ከውስጥ እጥፋት አንድ ክር ምዘዙ። በወረንጦ ይዛችሁ ከብረት ሳህን በላይ ለኩሱት፣ ከልብሱ ራቅ አድርጋችሁ። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመድ ይሆናል። ሱፍና ሐር የተቃጠለ ፀጉር ይሸታሉ። ፖሊስተር ግን ይቀልጥና ጫፉ ላይ ጠንካራ ጥቁር እንክብል ይሠራል። የኔ «ሐር» እንክብሉን ሠርቷል።

ስብስቡን ያዘዛችሁና እየጠበቃችሁ ያላችሁ ካላችሁ፣ ዕቃው ሲመጣ ፌስታሉን ከመንካታችሁ በፊት ቪዲዮ ማንሳት ጀምሩ። አድራሻውን፣ ከዚያ ስትከፍቱ፣ ከዚያ የእያንዳንዱን ልብስ የውስጥ ምልክት ቅረጹ። ዋጋው የተጻፈበትን ካርድ አትቁረጡ፣ አትጠቡ፣ ሽቶ ተቀብታችሁ አትሞክሩ። በካርድ ከከፈላችሁ ባንካችሁ «የተላከልኝ ዕቃ የተባለው አይደለም» የሚል አቤቱታ ይቀበል እንደሆነ ዛሬውኑ ጠይቁ፤ ለዚህ የተወሰነ ጊዜ ነው ያለው፣ እኔ ሻጩን ስለማመጥ ብዙውን አባክኜዋለሁ። ለሻጩ ስትጽፉም «አልወደድኩትም» አትበሉ። «ሐር ተብሎ የተሸጠው ምልክቱ ላይ ፖሊስተር ይላል» በሉና ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አያይዙ። እኔ የመጀመሪያውን ደብዳቤ «አላማረኝም» ብዬ ነበር የጀመርኩት፤ መልሳቸውም «የግል ምርጫ ለመመለስ ምክንያት አይሆንም» ነበር።

ገንዘቧን ያስመለሰች ካለች ምን ብላ እንደጻፈች ትንገረን። የኔ ብሌዘር ኪስ እንደሌለው አሁንም ተሰቅሏል፣ ጉዳዩን አልተውኩትም።