50 ፐርሰንት ስኮላርሺፕ ወይስ እዚሁ ወሎ? ደሴና ኮምቦልቻ ላላችሁ የ12ኛ ልጆች

ውጤት ከወጣ ጀምሮ ስልኬ እረፍት የለውም። ፒያሳ ሻይ ልጠጣ ቁጭ ስል እንኳን የሰፈር ልጅ ይመጣና "ወንድሜ፣ ባዮሎጂ መማር ፈልጌ ነበር፣ አንድ ኤጀንት 50 ፐርሰንት ስኮላርሺፕ አለህ ብሎኛል፣ ልሂድ ወይስ የተመደብኩበት ልግባ?" ይለኛል። አንድ በአንድ መመለስ ደከመኝ፣ ከዚህ በኋላ የጠየቀኝን ሁሉ ይሄን አንብብ ነው የምለው። ገለልተኛ ነኝ ብዬ አልዋሽም፣ ግማሽ ስኮላርሺፕ የሚባለው ነገር እኛ ቤት ገብቶ የሰራውን አይቻለሁ።

የአክስቴ ልጅ ኬሚስትሪ ነፍሱ ነው፣ ኮምቦልቻ ነው ያደገው። 2015 መጨረሻ ላይ አንድ ኤጀንት፣ ስሙንም ሀገሩንም አልጠራም፣ በዓመት 6,000 ዶላር የሚያስከፍል የግል ዩኒቨርሲቲ "በሜሪት (በውጤትህ) 50 ፐርሰንት ሰጥቶሃል" አለው። አክስቴ እልል አለች። የኤጀንቱ 35 ሺህ ብር ከፈለች፣ የቀረውን 3,000 ዶላር ደግሞ ባንክ ወረፋ ጠብቃ በ55 ብር ሂሳብ ወደ 165 ሺህ አድርጋ ላከች። ከባድ ነው ግን እንደምንም ይገፋል አልን። ከዛ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዶላር በገበያ ይመራ ተባለ፣ 57 ብር የነበረው በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ስኮላርሺፑ ያው ነው፣ 50 ፐርሰንት፣ ማንም አልነካውም፣ አክስቴ ግን ለሁለተኛው ዓመት ከ300 ሺህ በላይ ፈልጊ ተባለች። ስለዚህ ፐርሰንቱን ተዉትና "የሚቀረው ስንት ነው፣ በምን ገንዘብ ነው፣ ለ4 ዓመት ሲባዛስ" በሉ። 75 ፐርሰንት የሚሉትም ቢሆን 25ቷ ዶላር ነች።

ሌላም ነገር ልጁ እዛ ከሄደ በኋላ ነው የተረዳው፣ ክፍሉ ውስጥ 50 ፐርሰንት የሌለው ተማሪ አላገኘም። ጎበዙም ሰነፉም አለው! ሰኞ ገበያ ጃኬቱን 4,000 ብሎ በ2,000 የሚሸጥላችሁ ሰውዬ ስኮላርሺፕ ሰጠን አትሉም አይደል፣ ይሄም ያው ነው፣ 6,000 የሚለው ዋጋ የተጻፈው ሊቀነስ ነው።

ሳይንስ ለምትማሩ ደግሞ የባሰ ነገር አለ። ሜሪቱ እንዲቀጥል ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) ከ3.0 መውረድ የለበትም የሚል መስመር ውሉ ላይ በትንሹ ተጽፏል፣ ማን ያነበዋል። ካልኩለስ፣ ጀነራል ኬሚስትሪና ፊዚክስ በአንድ ሴሚስተር ሲመጡበት ልጁ 2.8 አመጣ፣ ስኮላርሺፑ ሄደ፣ ሙሉውን ክፈል ተባለ። ቢዝነስ የሚማረው የዶርም ጓደኛው 3.4 ይዞ ቀጠለ። እኩል የለፉ ልጆች ናቸው፣ ኮርሱ ነው የሚለየው። አሁን ልጁ ኮምቦልቻ ተመልሶ ሱቅ ነው የሚውለው፣ ሁለት ዓመቱም ብሩም እዛው ቀረ።

እዚህ መማርስ? እኔ ራሴ በኮስት ሼሪንግ ነው የተማርኩት። ስትገቡ ብር አታወጡም፣ በየዓመቱ ውል ትፈርማላችሁ፣ ከማስተማሪያው ወጪ 15 ፐርሰንት፣ ምግብና ዶርም ከተጠቀማችሁ ደግሞ የሱ ሙሉ ወጪ ይጻፍባችኋል፣ ስራ ስትይዙ ከደሞዝ ይቆረጣል። የኔ የ4 ዓመቱ ተደምሮ 27 ሺህ ምናምን ነበር፣ ከኤጀንቱ ኮሚሽን ያንሳል ወላሂ። የደሴ ልጅ ሆኖ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የደረሰው ከቤቱ እየተመላለሰ የዶርሙንም የምግቡንም ሊያስቀንስ ይችላል። ኮምቦልቻ ያላችሁ ግን ልብ በሉ፣ እናንተ ጋ ያለው ካምፓስ ቴክኖሎጂው ነው፣ ባዮሎጂ ኬሚስትሪ ፊዚክስ ደሴ ነው፣ 25 ኪሎ ሜትር የሐረጎን ዳገት በየቀኑ መውጣት መውረድ ደግሞ የትራንስፖርቱን ሳይቆጥሩም ያደክማል፣ ዶርም ያዙ።

ችግር የለውም አልልም። ለሳይንስ ዋናው ላብራቶሪ ነው፣ በ2014ቱ ጦርነት ደግሞ ከተማውም ዩኒቨርሲቲውም ተዘርፏል። ስለዚህ ዲፓርትመንት ከመሙላታችሁ በፊት 3ኛ ዓመት የደረሰ ልጅ ያዙና "ላብ ገብታችሁ ራሳችሁ ነው የምትሰሩት ወይስ አንዱ ሲሰራ አስራ አምስት ሆናችሁ ታያላችሁ?" በሉት። ሌላው፣ ለማስተርስ ውጭ እሄዳለሁ የምትሉ፣ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት (የውጤት ማስረጃ) ለማስወጣት የኮስት ሼሪንጉን ዕዳ ጨርሱ ትባላላችሁ፣ ያቺን ብር ከወዲሁ እያሰባችሁ። ውጤታችሁ ጥሩ ከሆነ አዳማና አዲስ አበባ ያሉትን የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸውን መግቢያ ፈተና ተፈተኑ፣ አዳማ አፕላይድ ኬሚስትሪ ፊዚክስ ባዮሎጂ አለው፣ አዲስ አበባው ኢንዱስትሪያል ኬሚስትሪና ባዮቴክኖሎጂ አለው፣ ክፍያውም ያው ኮስት ሼሪንግ ነው። ከኔ ቢሆን ለሳይንስ መጀመሪያ እነሱን ነው የምሞክረው፣ ካልሆነ ወሎ።

ውጭ ካልሄድኩ ሞቼ እገኛለሁ ለምትሉ ሙሉ ስኮላርሺፕ ሞክሩ፣ እዚህ እየተማራችሁ። የቱርክ መንግስት ስኮላርሺፕ ማመልከቻው በነጻ ነው፣ ከጥር መጀመሪያ እስከ የካቲት አጋማሽ ይከፈታል፣ ትምህርቱን፣ ዶርሙን፣ የወር ኪሱን፣ የአውሮፕላን ቲኬቱን ሳይቀር ይችላል፣ አንድ ዓመት ቱርክኛ ትማራላችሁ። ለዲግሪ ከ21 ዓመት በታች መሆንና ቢያንስ 70 ፐርሰንት ውጤት ይፈልጋል፣ ህክምና ነክ ከሆነ 90። የሃንጋሪውም ትምህርቱ ነጻ ነው፣ ግን ለዲግሪ ተማሪ በወር 43,700 ፎሪንት (የሀገሩ ገንዘብ) ነው የሚሰጠው፣ ያ ለመኖር አይበቃም፣ ቲኬቱም በራሳችሁ ነው። ቤተሰብ የሚልክለት ሃንጋሪ ይሞክር፣ ለኔ ቢጤ ቱርክ። ሁለቱንም ራሳችሁ ስልካችሁ ላይ ትሞሉታላችሁ፣ "እኔ ላስገባልህ፣ 20 ሺህ" የሚል ሰው ካለ ሻይ ጋብዙትና ተነሱ። የኛው ኤጀንት የድጋፍ ደብዳቤ በማያውቀው መምህር ስም ራሱ ጽፎ ማህተም አስመስሎ ነበር፣ ቢያዝ ሪጀክት የሚደረገው ልጁ ነው፣ እሱማ ብሩን በልቷል።

ሌላው ራስ ምታት የስም ስፔሊንግ ነው። ፓስፖርቱ ላይ መሀመድ በሁለት ኤም፣ የ12ኛው ሰርተፍኬት ላይ በአንድ፣ የ8ኛው ላይ ደግሞ በኦ ሳይሆን በዩ። ወሎ ውስጥ ከራሱ ስም ጀምሮ እስከ አያቱ አንድ መሀመድ የሌለው ስንት ሰው አለ? አሁኑኑ ሁሉንም ወረቀት አውጥታችሁ ጎን ለጎን አስተያዩት፣ ጥር ላይ የቱርኩ ማመልከቻ ሲከፈት ለማስተካከል ብትሮጡ አትደርሱም።