ዘንግ ወይስ ሰርጅ አሬስተር?

ድሬ ፀሐይ አይቸግራትም። ዝናብ ሲመጣ ግን መብረቁም አብሮ ይመጣል። የምህንድስና ተማሪዎች ቡድናችን ለመመረቂያ የያዘው ሥራ የሶላር ማመንጫን ከመብረቅ መጠበቅ ነው። ሁለት አማራጭ ይዘን ስንከራከር ሰነበትን።

አንዱ የመብረቅ ዘንግ ነው። ሐሳቡ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከቤንጃሚን ፍራንክሊን ጀምሮ አለ። መብረቁ ፓኔሉን ትቶ ረጅሙን ብረት ይመታል፣ በወፍራም ሽቦም ወደ መሬት ይወርዳል። ቀጥታ ምትን የሚችለው እሱ ነው። ያስቸገረን ጥላው ነው። ጥላው ጥቂት ሴሎች (ፓኔሉ የተሠራባቸው ትንንሽ ክፍሎች) ላይ ብቻ ቢያርፍ እንኳ በተከታታይ የተያያዙት ፓኔሎች ምርት ሊወርድ ይችላል። ዘንጉን በሰሜን በኩል አቁመን እንገላገል ብለን ነበር። ግን የቀትር ፀሐይ እዚህ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው! ጥላው ወደ ደቡብ፣ ወደ ፓኔሎቹ ይዞራል።

ሌላው ሰርጅ አሬስተር ነው። ኢንቨርተሩ (የፓኔሉን ዲሲ ኤሌክትሪክ ወደ ኤሲ የሚቀይረው መሣሪያ) አጠገብ የሚገጠም ትንሽ ዕቃ ነው። ቮልቴጁ ድንገት ሲያሻቅብ ትርፉን ወደ ኧርዝ፣ ማለትም ከመሬት ጋር ወደተያያዘው መስመር ይለቃል። መብረቅ ራቅ ብሎ ቢወድቅም ረጅም ኬብል ውስጥ ቮልቴጅ ስለሚፈጥር ጥቅሙ ትልቅ ነው። ጥላ የለውም። ግን ያረጃል፣ መታየትና መቀየር አለበት።

ሁለቱም ያለ ጥሩ ኧርዝ ዋጋ የላቸውም። የኧርዙ ሬዚስታንስ (ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚቃወመው መጠን) 10 ኦም ወይም ከዚያ በታች ቢሆን ይመከራል፤ በደረቅ አሸዋ ላይ ይህ ቀላል አይደለም።

ገንዘቡ ካነሰ እኔ ከአሬስተሩና ከኧርዙ እጀምራለሁ። ማመንጫው ገላጣ ኮረብታ ላይ ከሆነ ግን ዘንጉን አልተውም።