ሕያው ሴል ሳይቀቡ ለመለየት፦ የትኛውን እንግዛ?

ባለፈው ሳምንት ጎንደር ፒያሳ ቡና ይዘን ስንጫወት፣ ላብራቶሪ የሚሠራ ጓደኛዬ ስልኩን አውጥቶ ሦስት ፕሮፎርማ አሳየኝ። አንዱ የፌዝ ኮንትራስት ማይክሮስኮፕ ነው። ሁለተኛው የሴል መቁጠሪያ። ሦስተኛው በትንሽ ቺፕ ሴል የሚለይ አዲስ ማሽን።

«የቱ ይሻላል?»

«ምን ልትሠራበት ነው?»

«ሴል ልለይበት።»

«የትኛውን ከየትኛው?»

ቡናውን ፉት አለና ዝም አለ። እኔም ይህን የጻፍኩት ለእሱና እንደሱ ፕሮፎርማ ይዘው ለሚዞሩ ነው።

ያለ ቀለምና ያለ አንቲቦዲ የሚሠሩ ዘዴዎች ጎንደር ላይ የሚያጓጉት ያለ ምክንያት አይደለም። ፍሎረሰንት አንቲቦዲ፣ ማለትም የተፈለገው ሴል ላይ ተጣብቆ የሚያበራ ምልክት፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ፍሪጅ ይፈልጋል። መብራት በሄደ ቁጥር ልብ አብሮ ይሄዳል። ጂምሳ የሚባለው ቀለም የተቀባ ስላይድ ላይ የምናየው ደግሞ በሜታኖል የሞተ ሴል ነው። እነዚህኞቹ ግን ሴሉን በመጠኑ፣ በክብደቱ፣ በልስላሴው ወይም በኤሌክትሪክ ጠባዩ ይለዩታል፤ ከዚያ በኋላም በሕይወት ይኖራል። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ይታወቅ። ሲዲ4 እና ሲዲ8 የሚባሉትን ሁለት የነጭ ደም ሴል ዓይነቶች መለየት የሚፈልግ ሰው እዚህ ጊዜውን አያጥፋ። ሁለቱ በመጠንም በክብደትም ስለሚመሳሰሉ ያለ አንቲቦዲ አይሆንለትም።

ከፌዝ ኮንትራስት ልጀምር። ሕያው ሴል እንደ መስታወት ብርሃን ያሳልፋል፣ በተራ ማይክሮስኮፕ ብዙም አይታይም። ብርሃኑ በሴሉ ውስጥ ሲያልፍ ግን ትንሽ ይዘገያል። ሆላንዳዊው ፍሪትስ ዘርኒክ ይህን መዘግየት ወደ ጨለማና ብርሃን መቀየር ችሎ እ.ኤ.አ. በ1953 የፊዚክስ ኖቤል ተሸለመ። ከመተማና ከሁመራ የሚመጣ የካላዛር ናሙና ካልቸር ተደርጎ (ተውሳኩ ላብራቶሪ ውስጥ እንዲራባ ተደርጎ) ከሆነ፣ ጠብታዋን ከሥሩ አድርጋችሁ እዩ። የካላዛር ተውሳክ የሆነው ሌሽማኒያ ጅራፉን ከፊት አድርጎ ሲዋኝ ያለ ምንም ቀለም ቁልጭ ብሎ ይታያል። እንዲህ እንዲታይ ግን ከታች ያለው የብርሃን ቀለበት ከሌንሱ ጥቁር ቀለበት ጋር ልክ መግጠም አለበት። ካልገጠመ ገንዘባችሁን ለተራ ማይክሮስኮፕ ከፈላችሁ ማለት ነው። ወፍራም ሴል ዙሪያ ደግሞ የሚያበራ ክብ ይፈጥራል፣ ጀማሪን ያሳስታል። ሴሉን ያሳያል እንጂ አንዱን ከሌላው ነጥሎ አያወጣም።

የሴል መቁጠሪያው ሥራ ሌላ ነው። የፈጠረው አሜሪካዊው ዋላስ ኮልተር ፓተንቱን ያገኘው ያው በ1953 ነው። ሴሎቹ በጨው ውሃ ሆነው በጠባብ ቀዳዳ ያልፋሉ። እያንዳንዱ ሴል ሲያልፍ የኤሌክትሪክ መንገዱን ለቅጽበት ያጠብበዋል፣ ማሽኑም ከዚያ መጠኑን ያሰላል። ፍጥነቱ ድንቅ ነው። ግን ሁለት ሴል ተጣብቆ ካለፈ እንደ አንድ ይቆጥራል፣ ትናንሽ የቀይ ደም ሴል ስብርባሪዎችንም ፕሌትሌት (ደም የሚያረጋው ጥቃቅን ሴል) ሊላቸው ይችላል። በተለመደው አሠራር ነጩን ለመቁጠር ቀዩን አስቀድሞ ያፈነዳል። የቆጠረውንም ለይቶ አይሰጥም። ከመግዛታችሁ በፊት የሚጠቀምበትን ፈሳሽ ማን እንደሚያቀርብ ጠይቁ። ፈሳሹ ከአንድ አቅራቢ ብቻ የሚገኝ ከሆነ፣ ያ ሰው ስልክ ያላነሳ ቀን ማሽኑ ዕቃ መደርደሪያ ይሆናል።

አሁን ፕሮፎርማው ውስጥ ወዳልነበረው ልምጣ፤ የኔ ምርጫ እሱ ነው። ፊኮል። 1.077 ግራም በሚሊሊትር የሚመዝን ፈሳሽ ነው። ቱቦውን ዘንበል አድርጋችሁ የቀጠነ ደም በጎኑ ቀስ እያላችሁ ከላዩ ታንጠባጥባላችሁ። እጅ ከተንቀጠቀጠ ይደባለቃል፣ እንደገና ነው። ከዚያ በሴንትሪፊዩጅ በ400 ጂ (የመሬት ስበት 400 እጥፍ) ለ30 ደቂቃ ያለ ፍሬን ማሽከርከር። ቀዩ ይዘቅጣል፣ ሊምፎሳይትና ሞኖሳይት የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች መሐል ላይ እንደ ቀጭን ጉም ተንሳፍፈው ይቀራሉ። በፒፔት መሳብ ነው። አንድ ቀን 22ኛው ደቂቃ ላይ መብራት ሄደብኝ፤ ጉሙ ከቀዩ ጋር ተቀላቅሎ ሮዝ ሆነ፣ ናሙናውም ቀረ። ስለዚህ መብራት ሲሄድ የሚተካው ባትሪ፣ ዩፒኤስ፣ ቅንጦት አይደለም። ሴንትሪፊዩጁም ሲሽከረከር ቱቦው ወደ ጎን የሚዘረጋ ዓይነት ይሁን፤ ባለ ቋሚ ማዕዘኑ ንብርብሩን ያበላሻል።

ወባ ላይ ለሚሠራ ደግሞ ማግኔት አለ። የወባ ተውሳክ ሄሞግሎቢን በልቶ የሚተወው ጥቁር ቆሻሻ ብረት ስላለው በማግኔት ይሳባል። ደሙን በማግኔት መሐል ባለ ኮለመን (ቀጭን ቱቦ) ስታሳልፉ፣ ያደገ ተውሳክ ያለበት ቀይ ሴል ተይዞ ይቀራል። ችግሩ ገና ቀለበት በሚመስልበት የልጅነት ደረጃ ላይ ያለው ተውሳክ ማምለጡ ነው። ፋልሲፓረም በሚባለው የወባ ዓይነት በታመመ ሰው ደም ውስጥ ደግሞ በብዛት የሚዞረው እሱ ነው፤ ያደገው የደም ሥር ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ መጀመሪያ ካልቸር ላይ ማሳደግ ያስፈልጋል። ቫይቫክስ ለሚባለው የወባ ዓይነት ይሻላል።

ቺፑስ? ሐሳቡ ያምራል። በረድፍ የቆሙ ጥቃቅን ምሰሶዎች ትልቁን ሴል ወደ ጎን እየገፉ ከትንሹ ይለዩታል። ግን ይደፈናል፣ ቺፑም ያልቃል፣ ምትኩ ከውጭ ነው የሚመጣው። ራማን የሚባለው ሌላ ዘዴ በሌዘር የሴሉን ኬሚስትሪ ያነባል፣ ግን ለአንድ ሴል ሰከንዶች ይፈጃል፤ ብዙ ሺህ ሴል ላለው ሰው አይሆንም።

ጓደኛዬ ማታ ደወለ። የሚፈልገው ከካላዛር ታማሚዎች ደም ሕያው ሊምፎሳይትና ሞኖሳይት ነው። የመቁጠሪያውንና የቺፑን ፕሮፎርማ ተው አልኩት። ሴንትሪፊዩጅ አለው፣ ፊኮል ይግዛ። የእነዚህ ታማሚዎች ነጭ ደም ሴል ስለሚያንስ ጉሙ ስስ እንደሚሆን፣ ቶሎ «አልሠራም» ብሎ እንዳይደፋውም ነገርኩት። ማይክሮስኮፑን ግን ይውሰድ፤ ቀለበቶቹን የሚያስተካክሉበት ትንሿ ቴሌስኮፕ ዋጋው ውስጥ መኖሯን አይቶ ይፈርም።