ኦፒ ስታክ ወይስ ኦርቢት? የራሳችሁን ሮልአፕ ከማስነሳታችሁ በፊት

ወዳጆቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ሮልአፕ (ግብይቱን ራሱ አካሂዶ መረጃውን እንደ ኢተሪየም ባለ ትልቅ ብሎክቼይን ላይ የሚያስቀምጥ የራስ ሰንሰለት) አስነስቶ የሚያስተዳድርልንን ድርጅት እንዴት እንምረጥ?» ኮንዱይትም ካልዴራም ጌላቶም ያስነሱላችኋል። እዚያ ላይ አትድከሙ። የምታስነሱት በየትኛው ኮድ ነው፣ በኦፕቲሚዝም ኦፒ ስታክ ወይስ በአርቢትረም ኦርቢት? ኮዱን ለመቀየር የሚያስችለው የማሻሻያ ቁልፍስ በማን እጅ ይሆናል? ገንዘቡን የሚበላው ይሄ ነው።

እኔ የተማርኩት በኪሳራ ነው። የመጀመሪያ ሰንሰለታችንን ወርሃዊ ክፍያው ከሁሉም ለሚያንስ ድርጅት ሰጠን። ኮዱ ከኦፒ ስታክ ተቀድቶ እዚህም እዚያም የተነካካ ነበር። ኢተሪየም ሲሻሻል ዋናው ኮድ አብሮ ታደሰ፤ የእኛ ቅጂ ግን ወደኋላ ቀረ። ሰንሰለቱ ሁለት ቀን ቆመ። እንውጣ ስንል ደግሞ የማሻሻያው ቁልፍ እነሱ ጋር ነው። በወራት የቆጠብነው በዚያ ሳምንት አለቀ።

ስለዚህ የእኔ ምርጫ ያልተነካካ ኦፒ ስታክ ነው። ፈቃዱ ኤምአይቲ የሚባለው፣ ማንም ኮዱን በነፃ እንዲጠቀም የሚፈቅደው ነው፤ አስተዳዳሪው ካስቀየማችሁ ማንንም ሳታስፈቅዱ ኮዱን ይዛችሁ ሌላ ጋ ትሄዳላችሁ። ኦርቢትም ጥሩ ነው፤ አርቢትረም ዋን ወይም ኖቫ በሚባሉት የአርቢትረም ሰንሰለቶች ላይ ካረፋችሁ የገቢ ድርሻ አትጠየቁም። ሌላ ቦታ ካረፋችሁ ግን ከተጣራ ገቢ 10 በመቶ አለባችሁ።

ኦፒም ሱፐርቼይን (የኦፒ ሰንሰለቶች ኅብረት) ውስጥ ለሚገባ ነፃ አይደለም። ከጠቅላላ ገቢ 2.5 በመቶ ወይም ከተጣራው 15 በመቶ፣ የበለጠውን ትከፍላላችሁ። እናስላው። 10,000 ዶላር ገባ፣ 4,000ው ለኢተሪየም ወጣ እንበል። 2.5 በመቶው 250 ነው፤ ከተጣራው 6,000 ላይ 15 በመቶው 900። የምትከፍሉት 900ውን ነው። ከዋንና ከኖቫ ውጭ ባረፈ ኦርቢት ላይ 600 ይሆን ነበር። ሱፐርቼይን ካልገባችሁ ግን የኦፒ ድርሻ ዜሮ ነው፤ ለጀማሪ ሰንሰለት እኔ የምመክረውም ይህንን ነው።

ሌላው ወጪ ብሎብ፣ ማለትም የሰንሰለታችሁ መረጃ ኢተሪየም ላይ የሚጫንበት ጥቅል ነው። አንዱ 128 ኪሎባይት ይይዛል፤ ግማሹን ብቻ ብትሞሉም የሙሉውን ትከፍላላችሁ። ተጠቃሚያችሁ ጥቂት ከሆነ ባቸሩ (መረጃውን የሚልከው ፕሮግራም) ብሎቡ እስኪሞላ ጠብቆ እንዲልክ አስደርጉ። ይህንን ሳይነግሯችሁ ቶሎ ቶሎ የሚያስልኩ አሉ፤ ሂሳቡ የሚመጣው በእናንተ ስም ነው።

ከመፈረማችሁ በፊት የማሻሻያው ቁልፍ በብዙ ፊርማ የሚከፈት፣ አብዛኛው ፊርማም የእናንተ ይሁን። የአርፒሲ አድራሻውንም (ዋሌቶች ከሰንሰለቱ ጋር የሚገናኙበትን) በራሳችሁ ዶሜይን አድርጉት። እኛ ያንን ስላላደረግን ስንለቅ እያንዳንዱ ተጠቃሚ ዋሌቱን እንደገና ማስተካከል ነበረበት። ብዙዎቹ አልተመለሱም።