ወጣቶችን ከእንስሳት ጋር የሚያሠራው የቱላ መንገድ ግቢ፦ የአንድ ተገልጋይ ቤተሰብ ግምገማ

ከሐዋሳ ወደ ቱላ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ ያለውን ይህን ግቢ ያወቅሁት በእህቴ ልጅ ምክንያት ነው። ግቢው ወተት የሚሸጥ አነስተኛ የከብት እርባታ ሲሆን ከላሞቹ ሌላ ጥቂት ፈረሶች፣ አህዮችና ዶሮዎች አሉት፤ ከትምህርት የተስተጓጎሉ፣ ከጫት ለመላቀቅ የሚታገሉ ወይም በድብርት ምክንያት ከቤት መውጣት ያቃታቸው ወጣቶችን በሳምንት ሦስት ጠዋት ተቀብሎ ያሠራል። ስሙን የማልጽፈው እዚያ የሚውሉት ልጆች በሰፈራቸው መለያ እንዳይወጣላቸው በማሰብ ነው።

የእህቴ ልጅ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ወስዶ ወደቀ። በዚያ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ፤ ነገር ግን አብረውት የወደቁት መብዛታቸው አላጽናናውም። ቀኑን ተኝቶ፣ ሌሊቱን ስልክ ላይ አፍጥጦ ማሳለፍ ልማዱ ሆነ፤ ከእናቱ ጋር የሚለዋወጠው ቃልም እየተመናመነ ሄደ። ምክርማ ከዘመድም ከጎረቤትም ሲጎርፍለት ነበር።

ግቢው ለአዲስ ገቢ መጀመሪያ የሚሰጠው ሥራ ጋጣ መጥረግ ነው። ፋንድያው ተዝቆ ይወጣል፣ ድርቆሽ ግርግም ውስጥ ይሞላል፣ ፉርሽካ በውሃ ይለወሳል፤ አንድ ፈረስ በቀን ከ25 ሊትር በላይ ውሃ ሊጠጣ ስለሚችል ውሃ መቅዳቱ ብቻውን ጉልበት ይጨርሳል። ፈረስ መቅረብ የሚፈቀደው ከዚህ በኋላ ነው። ይህን የሚያስተምሩት ቀድሞ ጋሪ ይነዱ የነበሩ፣ ልጆቹ «ጋሼ» የሚሏቸው የግቢው ኃላፊ ናቸው። ፈረስ በተፈጥሮው አዳኝን የሚሸሽ እንስሳ ነው፤ ዓይኖቹ በራሱ ግራና ቀኝ ስለሆኑ አብዛኛውን ዙሪያውን ቢያይም በስተኋላው ያለውንና ከግንባሩ ሥር የተጠጋውን አያይም፤ ስለዚህ የሚቀርበው ሰው በትከሻው በኩል፣ በዝግታ፣ ድምፁን እያሰማ መምጣት አለበት። ተቆጥቶ ወይም ተጣድፎ የመጣበትን ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ ይርቀዋል፣ አለዚያም ጆሮውን ወደ ኋላ ይጥልበታል። ልጁ ቆም ብሎ ትንፋሹን ሲያረጋጋና እንደገና ሲሞክር ጆሮው ይመለሳል፣ ራሱም ዝቅ ይላል። ጋሼ በዚህ መካከል የሚሉት ነገር ጥቂት ነው፦ «እስቲ ጆሮውን እየው፤ አሁን ምን እያለህ ነው?»

የዚህ አሠራር ዋና ጥቅም ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ልጁ ለንዴቱ የሚያገኘው ምላሽ ስድብ ወይም ተግሣጽ አይደለም፤ ምላሹ ወዲያው ይመጣል፣ ልጁም አኳኋኑን ሲያስተካክል ወዲያው ይለወጣል። ሌላው ጥቅም በሰዓቱ የሚጠብቅ መኖሩ ነው። ሳትታለብ የዋለች ላም ጡቷ ያብጣል፣ ሊታመምም ይችላል፤ ስለዚህ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል የሚጀምረው ሥራ ሊዘገይ አይችልም። የእህቴ ልጅ ለመነሣት የስልኩን ማንቂያ ደወል መሙላት የጀመረው በዚህ ምክንያት ነው። ተራው ባልነበረበት ቀን ደግሞ ወደ ግቢው ደውሎ፣ ታሞ የነበረው ጥጃ መጥባት ጀምሮ እንደሆነ ሲጠይቅ እናቱ ሰምታዋለች፤ እርሷ ከሁሉ አስበልጣ የምታነሣው ይህን ነው። እኔ ደግሞ ከጋሪ ሥራ የወጣን አንድ ገጣባ ፈረስ ቁስል ፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውሃ ሲያጥብ፣ እጁ እንዴት ረጋ እንዳለ አይቻለሁ።

ሐሳቡ በሌላው ዓለምም አዲስ አይደለም። ቦሪስ ሌቪንሰን የተባለ የኒው ዮርክ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ጂንግልስ የተባለ ውሻው አብሮት ሲሆን ዝምተኛ ሕፃናት እንደሚቀርቡት አስተውሎ ይህንኑ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በጽሑፍ አቅርቧል። በ2014 እ.ኤ.አ. የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ ከፈረስ ጋር ለሳምንታት የሠሩ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች በምራቃቸው የተለካው የጭንቀት ሆርሞን ገና ተራቸውን ከሚጠብቁት ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ይሁን እንጂ በዚህ ዘርፍ ካሉት ጥናቶች ብዙዎቹ በጥቂት ሰዎች ላይ የተደረጉ ናቸው። ስለዚህ የግቢው ሰዎች ለወላጆች «ከሱስ ያድናል» እያሉ መናገራቸው ትክክል አይደለም፤ ራሱን የመጉዳት ሐሳብ ያለው ልጅ መጀመሪያ ወደ ሐኪም መወሰድ አለበት፤ ግቢው ግን ሲመዘግብ ይህን አይጠይቅም፣ አብሮት የሚሠራ የሥነ ልቦና ባለሙያም የለውም።

ሌሎች ጉድለቶችም አሉ። ፋንድያ ባለበት ቦታ ላይ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ሊታለፍ የማይገባው ጉዳይ ሆኖ ሳለ ስለ ክትባት የጠየቀን ሰው አልነበረም። ለሴቶች የተለየ መጸዳጃና ልብስ መቀየሪያ ባለመኖሩ የሚመጡት ሴት ልጆች እጅግ ጥቂት ናቸው፤ ይህ በፍጥነት ሊታረም ይገባል። ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን ግቢው ወተት ሸጦ የሚተዳደር መሆኑ ነው፤ ያለ ደመወዝ የሚሠራ ወጣት በቀላሉ ነፃ ጉልበት ሊሆን ይችላል። እስካሁን ሥራው 4 ሰዓት ላይ ያበቃል፣ እያንዳንዱ ልጅም ወተት ይዞ ይሄዳል፣ መክፈል ያልቻለ ቤተሰብም አይባረርም፤ እነዚህ ነገሮች ግን በኃላፊው ደግነት ላይ ብቻ ከሚመሠረቱ በጽሑፍ ቢሰፍሩ እመርጣለሁ።

ልጁን ለማስገባት የሚያስብ ቤተሰብ አስቀድሞ ሐኪም ቢያማክር፣ ክትባቱን ቢያሟላ፣ ከዚያም ልጁን ይዞ በሥራ ሰዓት ሄዶ ጋሼ ከልጆቹ ጋር ሲሠሩ ቢያይ ይሻላል። በክረምት ባጃጅ እስከ በሩ ስለማይገባ ቦት ጫማ ያስፈልጋል።