ክሮም ተጭኖ ሲበላሽ፣ በላዩ ላይ ልጫን ወይስ ነቅዬ ልጀምር?
የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ክሮም እየጫናችሁ መብራት ሄዶ ግማሽ ላይ ከቀረ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ዝም ብሎ በላዩ ላይ መጫን ነው፣ ቡክማርክና ፓስወርድ ዩዘር ዳታ የሚባለው ፎልደር ውስጥ ስለሚቀመጡ አይነካቸውም፣ ግን ትንሿን ኢንስታለር ተዉአት፣ ዋናውን ፋይል ከኢንተርኔት ስለምትጎትት ኔት ሲቆራረጥ እዛው ናችሁ፣ ኦፍላይን የሚባለውን ሙሉውን በፍላሽ ይዛችሁ ኑ።

ነቅሎ እንደ አዲስ መጀመር ንጹህ ነው፣ ግን ሲነቀል ብራውዚንግ ዳታም ይጥፋ ወይ የምትለዋን ሳጥን ራይት ካደረጋችሁ ሲንክ ያላደረጋችሁት (ጉግል አካውንታችሁ ላይ ያልተቀመጠው) ሁሉ አለቀለት። ክሮም የተጫነው ፕሮግራም ፋይልስ የሚባለው ፎልደር ውስጥ ከሆነ ደግሞ የአድሚን ፓስወርድ ስለሚጠይቅ የአይቲውን ልጅ መለመን አለ (ሁሌ ምሳ ላይ ነው!)። እኔ በላዩ ላይ ጭኜ እምቢ ሲል ብቻ ነው የምነቅለው።